ተስሎ የማይሰላው ሰንጢ

ጉዳዩ የአጎቴ የኪስ ሰንጢ ነው። ስለቱ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከጀርባው እስከ ስለቱ ያለው ስፋት ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ብረቱ ዝገት የማይዘው ዓይነት ነው። ሲከፈት በስፕሪንግ ተይዞ ይቆማል እንጂ አይቆለፍም፤ ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ይፈለጋል። አጎቴ ገመድ ይቆርጡበታል፣ ካርቶን ይከፍቱበታል፣ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ይገርዙበታል፣ እርሳስ ይቀርጹበታል። ከኪሳቸው አይለይም።

በየጊዜው ይስሉታል። ሰነፍ ሰው አይደሉም፤ ድንጋዩን አውጥተው፣ ቁጭ ብለው፣ ላብ እስኪያወጣቸው ነው የሚስሉት። ግን በሳሉት ቁጥር ለትንሽ ጊዜ ብቻ ይቆርጥና አንድ ትልቅ ካርቶን ከፍተው ሳይጨርሱ ተመልሶ ይደንዛል።

«ብረቱ ነው የሞተው» አሉኝ። «እኔማ መሳል ዛሬ አልጀመርኩም። ይኸው በጣቴ ስነካው ይሰላል፣ ስቆርጥበት ይጠፋል። ምን ዓይነት ብረት ነው ይሄ?»

ይህን ቅሬታ ብዙ ሰው ያሰማል፤ ብዙ ሰውም በዚሁ ሰበብ ደህና ሰንጢ ይጥላል ወይ አዲስ ድንጋይ ይገዛል። ስለዚህ ነው ጉዳዩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው መጻፍ የፈለግኩት። «በጣቴ ስነካው ይሰላል፣ ስቆርጥበት ይጠፋል» የሚለው የአጎቴ አባባል ራሱ የችግሩን ግማሽ ይናገራል። ብረቱ በእርግጥ የሞተ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ለመሰላት ያስቸግር ነበር፣ ወይም ከሰላ በኋላ ቀስ በቀስ ይደነዝ ነበር። ድንገት ሰልቶ ድንገት መጥፋት ሌላ ነገር ነው የሚያመለክተው።

ድንጋይ ከመንካት በፊት

ሰንጢ አልሰላ ሲል የሁላችንም እጅ ወደ ድንጋዩ ይሮጣል። አልሰላም? ጨምርበት! አሁንም አልሰላም? ሻካራውን አምጣ! እኔ ግን መጀመሪያ ማየት ነው የምለው። ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው፣ ስንት የብረት ዕድሜ እንደሚያተርፍ ግን አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ በብርሃን አየሁት። ሰንጢውን ስለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ከጠንካራ መብራት ሥር ያዙትና ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ስለት ማለት ሁለት ተዳፋት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው። በደንብ ከተገናኙ መስመሩ በጣም ቀጭን ስለሚሆን ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ ዓይን ምንም አያይም። የደነዘ ከሆነ ግን ጫፉ ክብ ብሏል፣ ወይም ትንሽ ጠፍጣፋ ሆኗል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ብርሃን ያርፍና ነጭ ክር የመሰለ ነጸብራቅ ይታያል። በአጎቴ ሰንጢ ላይ ነጩ መስመር ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ከእጀታው አጠገብ ያለው የስለቱ ሥር ላይ ነው፣ ሌላው ሹሉ አካባቢ። መሐሉ ላይ አይታይም። በሌላ አነጋገር መሐሉ በየጊዜው ተፍቋል፣ ሁለቱ ዳርና ዳር ግን ድንጋይ ከነካቸው ቆይቷል።

ቀጥሎ በጣት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣት በስለቱ ርዝመት አይሄድም፣ በጭራሽ። ከጀርባው ተነስቶ በጎኑ ላይ እየተንሸራተተ በስለቱ በኩል ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። በግራው ጎን ሳንሸራትት ለስላሳ ነው፣ ምንም አይይዝም። በቀኙ ጎን ግን ጣቴ ጫፉ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ያዝ አደረገው። ትርፍ ብረት ነው። ከአንድ ጎን ብረት ሲፋቅ ጫፉ ላይ ያለው እጅግ ከመሳሳቱ የተነሳ መፋቁን ትቶ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል። በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ በማጉያ መነጽር ወይም ስልክ ካሜራን አቅርቦ ሲያዩት ግን በስለቱ ርዝመት የተጋደመ ቀጭን ክር ይመስላል።

ይሄ ትርፍ ብረት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እንዲያውም ድንጋዩ ጫፉ ድረስ መድረሱን የሚያረጋግጥልን እሱ ነው። ክፉ የሚሆነው ሳይነሳ ሲቀር ነው። አውራ ጣትን በስለቱ ላይ አቋርጦ ለሚሞክር ሰው ትርፍ ብረት ልክ እንደ ስለት ነው የሚሰማው፣ ቆዳ ይይዛል፣ ይሻክራል፣ «አሁን ሰላ» ያሰኛል። አጎቴ የሚሞክሩት እንደዚያ ነው። የሚነኩት ግን ስለቱን ሳይሆን በስለቱ ላይ የተጋደመውን ክር ነበር። ክሩ ካርቶን ሲገጥመው ይተኛል ወይም ይቀነጠሳል፣ ሲቀነጠስ ደግሞ ከሥሩ የተቦጨቀ ጠርዝ ትቶ ይሄዳል።

ታዲያ ይህን ያህል የሚደክሙ ሰው ትርፉን ብረት ለምን አያነሱትም? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ማርከሩ የነገረን

ሁለቱን ተዳፋት ገጾች በጥቁር ማርከር ቀባኋቸው፣ ከሥር እስከ ሹል፣ ጫፉ ድረስ። ከዚያ «በሉ አጎቴ፣ እንደልማድዎ ይሳሉት፣ ለእኔ ብለው ምንም አይቀይሩ» አልኳቸው።

«ቀለሙ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«የት እንደሚነካ ያሳየናል።»

እንደልማዳቸው ጥቂት ጊዜ በአንድ ጎን፣ ጥቂት ጊዜ በሌላው ሳሉት። ገልብጠን አየነው። በቀኙ ገጽ ላይ ቀለሙ የተፋቀው ከላይ፣ ተዳፋቱ ከሰንጢው ጎን ጋር የሚገናኝበት ትከሻ ላይ ብቻ ነበር። ጫፉ ላይ ጥቁር መስመር እንዳለ ቀርቷል። በግራው ገጽ ተቃራኒው ነው፤ ትከሻው ጥቁር እንደሆነ ነው፣ የተፋቀው የጫፉ ጠርዝ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ሁሉ ተገለጠልኝ። አጎቴ በአንዱ ጎን ሰንጢውን በጣም አስተኝተው ይይዙታል፣ ድንጋዩ ትከሻውን እንጂ ስለቱን አይነካም። ሲገለብጡት እጃቸው ሳይታወቃቸው ይነሳል፣ ሰንጢው ይቆማል፣ ድንጋዩ ጫፉን ብቻ ይበላል። በቆመው ጎን የተፋቀው ብረት ወደ ቀኝ ይገለበጣል። ወደ ቀኙ ተመልሰው ሲስሉ ደግሞ ድንጋዩ ትከሻው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚያልፍ የተገለበጠውን ክር አያገኘውም። ስለዚህ ምንም ያህል ቢደክሙ ያ ክር አይነሳም። አንድ ሰዓት ቢስሉም፣ ሁለት ሰዓት ቢስሉም ውጤቱ ያው ነው፤ አንዱ ጎን ክር ይሠራል፣ ሌላው ጎን ክሩን ሳይነካ ያልፋል።

ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው አንድ እጁ ከሌላው ይበልጥ ስለሚታዘዝ ሁለቱ ጎኖች ሁለት ዓይነት ማዕዘን ይይዛሉ። በዓይን አይታወቅም። ማርከር ካልቀባችሁ በስተቀር ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ድንጋዩንም አየሁት። ሁለት ፊት ያለው ነው፣ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ደቀቅ ያለ። የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሜ ሳስቀምጥበት በመሐሉ በኩል ብርሃን አለፈ። ጎድጉዷል። ሁልጊዜ መሐሉ ላይ ብቻ ስለሚሳል ነው። በጎደጎደ ድንጋይ ላይ ሰንጢው ከዳር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር ሲሄድ እጃችሁ ባይንቀሳቀስም እንኳ ማዕዘኑ ይቀያየራል። ከዚያም ላይ የቆየ የምግብ ዘይት ደርቆበት ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖታል፣ ፊቱ መስታወት መስሏል። የምግብ ዘይት ድንጋይ ላይ አይደረግም፣ እየቆየ ይጣበቃል። ቀለል ያለ የማሽን ዘይት ወይም የሳሙና ውኃ ይበቃል።

አንድ ሌላ ነገርም አገኘሁ፤ እሱ ከእጅም ከድንጋይም አይደለም። ሹሉ አካባቢ፣ በጣም በትንሹ፣ ብረቱ ሰማያዊ መስሎ ቀለሙ ተቀይሯል። አጎቴ ሲያስታውሱ ሹሉ አንዴ ተሰብሮ ነበርና በኤሌክትሪክ ግራይንደር አስተካክለውላቸዋል፣ ያለ ውኃ። የሰንጢ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው በሙቀት ተጠንቅቆ ተሠርቶ ነው፤ መልሶ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በተራ የካርቦን ብረት ላይ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣው 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው። ዝገት በማይዘው ብረት ላይ ደግሞ ያ ቀለም እንዲወጣ ከዚያም የበለጠ ሙቀት ያስፈልጋል። ቀጭን ሹል በደረቅ ግራይንደር ላይ እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፣ ሙቀቱ የሚሸሽበት ቦታ የለውማ። ስለዚህ አጎቴ ስለ ብረቱ የጠረጠሩት ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። በሹሉ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል እውነት ነው። በተቀረው ርዝመት ግን ብረቱ ምንም አልሆነም።

ማዕዘኑን በሚሊ ሜትር

መጀመሪያ ድንጋዩ። በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ ፈትጌ የደረቀውን ዘይት አነሳሁለት። ለጎድጓዳው ደግሞ ወፍራም መስታወት ላይ ውኃ የማይፈራውን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥሩ 120 የሆነውን (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ ይሻክራል)፣ አስተኝቼ ውኃ እያፈሰስኩ ድንጋዩን በላዩ ፈተግኩት። ፊቱን አስቀድሞ በእርሳስ መስመር መስመር ማድረግ ጥሩ ነው። መስመሮቹ ከዳር ጠፍተው መሐል ላይ ከቀሩ ጎድጓዳው ገና አልተስተካከለም፤ ሁሉም ሲጠፉ ድንጋዩ ተስተካክሏል። አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን ካልተሠራ የሚቀጥለው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ ማዕዘን። ለኪስ ሰንጢ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለው የተለመደ ነው። ከዚያ ካነሰ በደንብ ይቆርጣል፣ ግን ጫፉ ስስ ስለሚሆን ጠንካራ ነገር ሲነካ ይታጠፋል ወይም ይሸረፋል። ገመድ፣ ካርቶንና ቅርንጫፍ ለሚያይ ሰንጢ እኔ ወደ 20 አደላለሁ። ግን 20 ዲግሪ በዓይን ስንት ነው? ዓይን ዲግሪ አያነብም። ሚሊ ሜትር ግን ያነባል። ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰንጢ 20 ዲግሪ እንዲይዝ ጀርባው ከድንጋዩ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ለ15 ዲግሪ 5 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። የሰንጢው ስፋት ሌላ ከሆነ ስፋቱን በ0.34 ማባዛት የ20ውን ከፍታ ይሰጣል፣ በ0.26 ማባዛት የ15ን። እኔ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ቀርጬ ድንጋዩ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሰንጢውን እዚያ ላይ አሳርፈው ከፍታውን ያያሉ፣ እጃቸው ያጠናዋል፣ ከዚያ ይስላሉ። ጎን በገለበጡ ቁጥር እንደገና ወደ ሽብልቁ ይመለሳሉ። ሽብልቁ የሚያስፈልገው ጎን ሲገለበጥ ነው፤ እጅ ማዕዘኑን የሚረሳው ያኔ ነው።

ሥራው

ማርከሩን ደግመን ቀባን። በሻካራው ፊት ጀመርን።

ስለቱን አስቀድሞ፣ ከድንጋዩ ላይ ስስ ነገር እንደሚልጡ ሆኖ መግፋት ነው። ግፊቱ መጀመሪያ ላይ ጠንከር ይላል፣ ግን ጉልበት አይደለም። ሁለት ጣት ከስለቱ ጎን ላይ፣ ድንጋዩ በሚነካበት ቦታ ትይዩ ይቀመጣል። ከሥር ተጀምሮ ወደ ሹሉ ይኬዳል። ስለቱ መጉበጥ የሚጀምርበት ቦታ ሲደረስ እጀታው በትንሹ ከፍ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ሹሉ አካባቢ ድንጋዩ ስለቱን ሳይነካ ያልፋል። ብዙ ሰንጢ መሐሉ ሰልቶ ሹሉ ደንዞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የአጎቴም ሰንጢ ሥሩና ሹሉ ላይ ነጭ መስመር የነበረው ለዚሁ ነው፤ ሥሩን ደግሞ ድንጋዩ ላይ ከመጀመሪያው በደንብ አያስቀምጡትም ነበር።

በአንድ ጎን ብቻ እንቆያለን። እስከ መቼ? ይህን ያህል ጊዜ ብሎ ቁጥር መስጠት አልወድም፣ ሰንጢው ራሱ ይናገራል። በተቃራኒው ጎን ትርፉ ብረት ከሥር እስከ ሹል ሳይቋረጥ ሲሰማ ይበቃል። አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ከቀረ አልበቃም። መሐሉ ላይ ቶሎ መጣ፣ ሥሩ ቆየ፣ ሹሉ ከሁሉም ዘገየ። አጎቴ መሐሉ ላይ ሲሰማቸው ሊገለብጡት ሲሉ «ቆይ፣ ቆይ፣ ሹሉ ገና ነው» አልኳቸው። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰንጢም የሚበላሸው እዚሁ ነው።

ከዚያ ተገለበጠ፣ ወደ ሽብልቁ ተመለስን፣ በሌላው ጎንም እንደዚያው። አሁን ማርከሩ ከትከሻ እስከ ጫፍ እኩል መፋቅ ጀመረ። ቀድሞ ጥቁር የቀረው መስመር ጠፋ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት፤ «እዚህ ድረስ ደርሶ አያውቅም ማለት ነው?» አሉ። አዎ፣ በዚህ ጎን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ደርሶ አያውቅም።

ትርፉን ብረት ማንሳት በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ክፍል ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠውም እሱ ነው። ወደ ደቃቁ ፊት ተሻገርን፣ ግፊቱን በግማሽ ቀነስን፣ አሁን አንድ ጎን ላይ አንቆይም፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ እየቀያየርን፣ ግፊቱንም እየቀነስን፣ በመጨረሻ የሰንጢው የራሱ ክብደት ብቻ እስኪቀር ድረስ። ጠንክሮ መጫን እዚህ ላይ አዲስ ክር ይወልዳል። የኪስ ሰንጢዎች ብረት ብዙ ጊዜ መካከለኛ ጥንካሬ ነው ያለው፤ የታወቁት ቀያይ የስዊስ ሰንጢዎች ለምሳሌ ሮክዌል በሚባለው መለኪያ 56 አካባቢ ናቸው። እንዲህ ያለ ብረት ቶሎ ይሳላል፣ ግን ትርፍ ብረቱ ሙጭጭ ይላል፤ ከመቆረጥ ይልቅ ወዲያና ወዲህ መገላበጥ ይቀናዋል። ስለዚህ በየጥቂቱ በጣት ከሁለቱም ጎን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንዱ ጎን ላይ ገና የሚይዝ ነገር ካለ በዚያው ጎን ቀለል አድርጎ አንድ ሁለት ጊዜ፣ ሰንጢውን ከለመደው ማዕዘን በጥቂቱ ብቻ ከፍ አድርጎ መሳብ ክሩን ይቆርጠዋል።

አጎቴ ሌላ ድንጋይ የላቸውም፣ እንዲገዙም አልፈለግኩም። በዚያው መስታወት ላይ ቁጥሩ 600 የሆነ ብርጭቆ ወረቀት አስተኛን። የዚህ ወረቀት ቅንጣት 26 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያህል ነው፣ ለሰንጢ ከበቂ በላይ ደቃቅ ነው። ወረቀት ላይ ግን ስለትን አስቀድሞ መግፋት አይቻልም፣ ወረቀቱን ይቀደዋል። ጀርባውን አስቀድሞ መጎተት ነው። አሁን ያ የማይቆለፍ ማጠፊያ ትዝ ይበላችሁ። ስለቱን አስቀድማችሁ ስትገፉ ድንጋዩ ስለቱን ወደ ጀርባው ይገፋዋል፣ ስለዚህ ሰንጢው እንደተከፈተ ይቆያል። ጀርባውን አስቀድማችሁ ስትጎትቱ ግን ግፊቱ ይገለበጣል፣ ሰንጢውን ወደሚታጠፍበት አቅጣጫ ይጫነዋል። እጀታውን ጠበቅ አድርጎ የያዘ እጅ ጣቶቹ በትክክል ስለቱ የሚገባበት ቦታ ላይ ናቸው። ስለዚህ በወረቀትና በቆዳ ላይ ግፊቱ ቀላል መሆን አለበት፣ የሌላው እጅ ጣቶችም ስለቱን ከጎኑ መያዝ አለባቸው። ይህን ለአጎቴ ደጋግሜ ነው የነገርኳቸው።

መጨረሻ ላይ ቆዳ። አሮጌ ቀበቶ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተወጥሮ ተጣበቀ፣ ሸካራው ጀርባው ወደ ላይ። ብረት ማወልወያ ቅባት በስሱ ተቀባ። ጀርባውን አስቀድሞ፣ በዚያው ማዕዘን፣ ወዲያና ወዲህ። ጎትታችሁ ስትጨርሱ ሰንጢውን ከቆዳው ላይ ካላነሳችሁ እዚያው አትገልብጡት፣ እየተገለበጠ ስለቱን ቆዳው ላይ ያዞረዋል፣ የደከማችሁበት ጫፍ ክብ ይላል። በጣም መጫንም እንዲሁ፤ ቆዳው ይሰረጉድና ስለቱን ይጠቀልለዋል።

እንደ መስታወት ማብረቅ ይቻል ነበር፤ ሰዎች ወደ 3000፣ ወደ 6000 ቁጥር ድንጋይ ይሄዳሉ። ለዚህ ሰንጢ ግን አልፈለግኩትም። ገመድና ካርቶን የሚቆርጥ ስለት በማጉያ የሚታይ ትንንሽ ጥርስ ቢኖረው ይሻለዋል፣ እጅግ የለሰለሰ ስለት ገመድ ላይ ይንሸራተታል። ጺም የሚላጭ ምላጭና ገመድ የሚቆርጥ ሰንጢ አንድ ዓይነት ስለት አይፈልጉም።

ማጠፊያውን ሳልረሳ፦ ስንስል የወጣው ጥቁር ጭቃ ብረትና የድንጋይ ዱቄት ነው። ማጠፊያው ውስጥ ከገባ እያሸ ይበላዋል። በሳሙና ውኃ እየከፈትን እየዘጋን አጠብነው፣ በደንብ አደረቅነው፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት ጠብ አደረግን።

ምን ሆነ?

በመብራቱ ሥር ነጩ መስመር ጠፍቷል። ቀጭን ወረቀት በአንድ እጅ አንጠልጥለን ከሥር እስከ ሹል ስንስበው ሳይቀድና ሳይንገዳገድ አለፈ። የቀድሞው ሰንጢ በወረቀት ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያዝ ያደርገው ነበር፤ ክሩ ወደ አንድ ወገን ስለተጋደመ። አጎቴ ወረቀቱን አላመኑትም፣ ካርቶን አመጡ። አንዱን ከፈቱ፣ ሌላውን ከፈቱ፣ ከዚያ ወፍራም ገመድ። ከገመዱም በኋላ ወረቀቱን ቆረጠ። ምንም አላሉም፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከሳምንታት በኋላ ስጠይቃቸው ድንጋዩን አልነኩትም፤ ሲያስፈልግ ቆዳው ላይ ብቻ ጠረግ ጠረግ ያደርጉታል። ትክክል ነው። ስለት በአብዛኛው ጥቂት ሲዛባ በቆዳ ይመለሳል፣ ወደ ድንጋይ የሚኬደው ቆዳው አልመልሰው ሲል ነው፤ ያኔም ደቃቁ ፊት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሻካራው ፊት ለሸራፋና ለተበላሸ ማዕዘን ነው፣ ብረት ይበላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ሰንጢ ከስለቱ ወደ ጀርባው እየወፈረ ስለሚሄድ በሳሉት ቁጥር ስለቱ ወደ ወፍራሙ ክፍል ይጠጋል። ዛሬ በ20 ዲግሪ የሚቆርጠው ሰንጢ ከብዙ ዓመት ፍቀት በኋላ በዚያው 20 ዲግሪ ቢሳልም መቁረጡ ይከብደዋል፣ ያኔ ትከሻውን ራሱን ማሳሳት ይመጣል። የአጎቴ ገና አልደረሰም። የሚገርመው፣ በቀኙ ጎን ትከሻውን ለዓመታት ሲፍቁት ስለኖሩ ያ ጎን ከሌላው ሳስ ብሏል፤ ስለቱም ከመሐል ትንሽ ወደዚያ ያጋደለ ይመስላል። ለመቁረጥ የሚያውክ አይደለም፣ እየተሳለ ይስተካከላል።

የቀረው ሹሉ ነው። ሰማያዊው ቀለም በድንጋዩ ተፍቆ ዛሬ አይታይም፣ ቀለሙ ቢጠፋም ግን ልስላሴው አልጠፋም። ከተቀረው ስለት ቀድሞ የሚደነዝ እሱ ነው፣ ትርፉ ብረትም እዚያ ላይ ነበር አልቆረጥ ብሎ ያስቸገረን። ያንን ያህል ብረት በአንዴ ፍቆ ማስወገድ ይቻላል፣ ግን ሰንጢው ያጥራል፣ ቅርጹም ይለወጣል። ስለዚህ ከአጎቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ በሳሉት ቁጥር ሹሉ ላይ በጥቂቱ ብቻ ዘለግ ያለ ጊዜ ይቆያሉ፣ ለስላሳው ብረት እያለቀ ይሄዳል፣ እስከዚያው በሹሉ መቦርቦርና መፈልፈል የለም። ግራይንደር ደግሞ አጠገቡ አይደርስም።